«አልጋ» ወይስ «ኪራይ»፦ በሀዋሳ የአንድ ግቢ ሦስት ክፍሎች ጉዳይ

ታኅሣሥ 18 ቀን 2016 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ ሁለት ወጣት የግብር ገማቾች በሀዋሳ፣ ከሀይቁ ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ የአንድ ግቢ የቆርቆሮ በር አንኳኩ። በሩን የከፈቱላቸው ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ገማቾቹ ከዋናው ቤት ጀርባ በተርታ የተሠሩትን ሦስት የሰርቪስ ክፍሎች ተዘዋውረው ካዩ በኋላ «ዛሬ ስንቱ ተይዟል?» ብለው ጠየቁ። መምህርቷም ሳያወላውሉ «ሦስቱም» ሲሉ መለሱ። የተናገሩት እውነት ነበር፤ ማግሥቱ የቅዱስ ገብርኤል ንግሥ ነው፣ ለታኅሣሥ ገብርኤል ደግሞ በሀዋሳ እንኳን አልጋ ሳሎን ላይ የሚነጠፍ ፍራሽም ይፈለጋል። ገማቾቹ የሰሙትን ጻፉ። የአንዱን ክፍል የአዳር ዋጋ፣ 700 ብር፣ በሦስት አባዙ፤ የወጣውን 2,100 ብር ደግሞ በ365 ቀናት አባዙ። በወረቀቱ ግርጌ የሰፈረው የዓመት ገቢ 766,500 ብር ሆነ።

ገማቾቹ የመጡት ቤቱ ያለ ጥርጥር ከሚሞላባቸው ጥቂት ቀናት በአንዱ መሆኑ የዚህ ጉዳይ መነሻ ነው እንጂ ጉዳዩ ራሱ አይደለም። በሌላ ቀን መጥተው ክፍሎቹን ባዶ ቢያገኟቸው ኖሮም ዋናው ጥያቄ አይቀርም ነበር፦ በሚኖሩበት ግቢ ውስጥ ሦስት ክፍል ለአዳር የሚሰጡ ባለቤት በሕግ ፊት ማን ናቸው?

ጉዳዩን የማውቀው በቅርብ ነው። የሒሳብ ሥራ ሠርቼ የማድር ሰው ነኝ፤ የቤቱ እመቤት ደግሞ ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማሩኝ፣ ሰፈሩ እስከ ዛሬ «ቲቸር» እያለ የሚጠራቸው ናቸው። የቅሬታ ማመልከቻውን የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ገለልተኛ ነኝ አልልም። ቢሮዎቹንና ክፍለ ከተማውን በስም አልጠራም፤ የሆነው ነገር በየትኛውም ክፍለ ከተማ ሊሆን የሚችል ነው፣ ሠራተኞቹም በአብዛኛው የተሰጣቸውን ቅጽ ነው የሞሉት።

ቤቱና ያሳለፋቸው ተከራዮች

ቤቱ የተሠራው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። በ250 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ ከፊት ለፊት ባለ አራት ክፍል ዋና ቤት፣ ከኋላ ሦስቱ ሰርቪሶች፣ ጥግ ላይ የጋራ መታጠቢያና ሽንት ቤት፣ ከመታጠቢያው አናት ላይ ደግሞ ውሃ በሚጠፋባቸው ቀናት ግቢውን የሚያኖር ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ አለ። ካርታው የወጣው በሟች ባለቤታቸው ስም ነው፤ የቦታው አገልግሎት በሚለው ረድፍ ላይም «ለመኖሪያ» ተብሎ ተጽፏል። ይህች አንዲት ቃል ኋላ ላይ ብዙ አመላልሳለች።

ሰርቪሶቹ በከተማዋ የሆነውን ሁሉ በተራ አይተዋል። መጀመሪያ የገቡት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ ተራው የፋብሪካ ሠራተኞች ሆነ፤ በአብዛኛው ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ሲሆኑ፣ ደመወዛቸው ለብቻ ስለማይበቃ አንዱን ክፍል ለሦስትና ለአራት ይጋሩት ነበር። ቲቸር የእነዚያን ዓመታት ኪራይ አነስተኛ ግን የማይቋረጥ እንደነበር ያስታውሳሉ፤ አንዷ ስትወጣ ጓደኞቿ በወሩ ሌላ ያመጣሉ። በ2014 ዓ.ም. ግን ነገሩ ተገለበጠ። በኅዳር ወር የፓርኩ ታላቅ ስም የነበረው የአሜሪካ ኩባንያ ፒቪኤች ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ ኢትዮጵያም ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ ምርትን ከቀረጥ ነጻ ወደ አሜሪካ ለማስገባት ከሚፈቅደው ከአጎዋ ተጠቃሚነት ተሰረዘች። የቲቸር ሁለት ክፍሎች በአንድ ወር ውስጥ ባዶ ሆኑ። ሦስተኛውን የያዙት እህትማማቾች እስከ ፋሲካ ቆይተው ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ለአዳር መስጠት የተጀመረው በዕቅድ አልነበረም። አዲስ አበባ የምትኖረው ልጃቸው የሥራ ባልደረቦቿን ለአንድ ሠርግ ይዛ መጥታ በእነዚያ ባዶ ክፍሎች አሳደረቻቸው፤ እንግዶቹ ሲወጡ ትራስ ሥር ገንዘብ ትተው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ክፍሎቹ ቀለም ተቀቡ፣ አልጋዎች ተገዙ፣ ልጅቷም ፎቶ አንስታ ኤርቢኤንቢ በሚባለው የማደሪያ ኪራይ መተግበሪያ ላይ አወጣቻቸው። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ግምት ማረም ያስፈልጋል። ስለ አጭር ጊዜ ኪራይ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚታየው በመተግበሪያ የሚመጣ የውጭ አገር ጎብኚ ነው፤ በዚህ ግቢ ግን በመተግበሪያ የመጣው ሰው እጅግ ጥቂት ነበር። ቤቱን የሞሉት በስልክ፣ በደላላና «እዚያ ጋ ንጹሕ አልጋ አለ» በሚል የአፍ ወሬ የመጡ አገሬዎች ናቸው፦ ሪፈራል ሆስፒታል የተኛ ዘመድ ለማስታመም ከዲላና ከይርጋለም የመጡ፣ ለክልል ቢሮ ጉዳይ ከአርባ ምንጭና ከሶዶ የወረዱ፣ የሠርግ እንግዶች፣ የንግሥ ምእመናን፣ ለዘመን መለወጫቸው ለፍቼ ጨምበላላ በበዓሉ አደባባይ በጉዱማሌ የሚውሉ የሲዳማ ተወላጆች። የፍቼ ቀን የሚታወቀው አያንቶዎች የሚባሉት የዘመን ቆጠራ አዋቂዎች ከዋክብትን አይተው ሲያበስሩ ስለሆነ፣ የዚያ ሰሞን ስልክ የሚደወለው ድንገት ነው።

ከእነዚህ ውስጥ የክልል ጉዳይ ይዘው የሚመጡት ዋነኛ ደንበኞች ነበሩ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች ሲመሠረቱ ግን የቀድሞው የደቡብ ክልል ቢሮዎች ከሀዋሳ ወጡ፤ የአርባ ምንጩም የሶዶውም ባለጉዳይ ሀዋሳ የሚያመጣው ነገር አጣ። ገማቾቹ በታኅሣሥ በር ሲያንኳኩ ሥራው ገና በማሽቆልቆል ላይ ነበር ማለት ነው።

ደብተሩ

ስለ ቁጥሮቹ በእርግጠኝነት መናገር የቻልኩት ቲቸር ደብተር በመያዛቸው ነው። ደብተሩ ተራ ባለ ሃምሳ ሉክ የካሬ ደብተር ሲሆን፣ በሒሳብ መምህር እጅ በማስመሪያ የተሰመሩ ስድስት ዓምዶች አሉት፦ ስም፣ የመጣበት ከተማ፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የገባበት ቀን፣ የወጣበት ቀን፣ የከፈለው። በኅዳጉ ላይ በቀይ እስክርቢቶ «ንግሥ»፣ «ሠርግ»፣ «ሐኪም ቤት» የሚሉ ማስታወሻዎች ይገኛሉ። በአንዳንድ ረድፍ የተከፈለው 700 ሳይሆን 400 ወይም 300 ነው፤ ስጠይቃቸው «ልጇ ተኝቶባት ስታለቅስ እያየሁ እንዴት ሙሉውን ልቀበል?» አሉኝ። ለስሌቴ እንዲመች ሁሉንም በሙሉ ዋጋ አስቤዋለሁ፤ ይኸውም እርሳቸውን ሳይሆን ግብር ሰብሳቢውን የሚጠቅም አስተሳሰብ ነው።

ከጥር 2015 እስከ ታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ባለው አንድ ዓመት ሦስቱ ክፍሎች ተደምረው 214 ሌሊት ተይዘዋል። ሦስት ክፍል በዓመት 1,095 ሌሊት ሊያሳድር ይችላል፤ የተያዘው ከአምስት አንዱን እንኳ አይሞላም። በሙሉ ዋጋ ቢታሰብ ገቢው 149,800 ብር ነው። ገማቾቹ ከጻፉት ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ገደማ መሆኑ ነው፤ ከዚህም ላይ አንሶላ የምታጥበው ልጅ ክፍያ፣ የጠዋት ሻይና ፍርፍር፣ የደላላ ድርሻ፣ ቆጣሪው ላይ የሚጨምረው መብራት ይቀነሳል።

ሦስት ቢሮ፣ ሦስት ስም

የቀን ገቢ ግምት በአገራችን ያልተማረረበት ነጋዴ የለም፤ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. በየከተማው ያስነሳውን ቁጣ ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ቲቸርን ግራ ያጋባቸው ግን ከግምቱ ይልቅ ስማቸው ነበር። ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት በሦስት መሥሪያ ቤት በሦስት ስም ተጠርተዋል።

ቀበሌው «እማማ፣ እርስዎ አከራይ ነዎት፤ የተከራዮችዎን መታወቂያና ውል ያስመዝግቡ» አላቸው። ሐሙስ ገብቶ ቅዳሜ ለሚወጣ እንግዳ ምን ዓይነት ውል እንደሚጻፍ የሚነግራቸው አላገኙም። ገቢ ሰብሳቢው «የአልጋ አገልግሎት ሰጪ» ብሎ መዘገባቸው። ንግድ ጽሕፈት ቤቱ ደግሞ ፈቃድ የሌለው ገስት ሃውስ ብሎ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈ። ፖሊስ ብቻ ስም ሳይሰጣቸው የእንግዳ መዝገብ ጠየቃቸውና ደብተሩን አይቶ አመስግኗቸው ሄደ። ይህም የራሱ ታሪክ አለው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቤት ወይም ክፍል የሚያከራይ ሁሉ የተከራዩን ማንነት መዝግቦ በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ እንዲያሳውቅ ያዝዝ ነበር፤ አዋጁ በ2012 ዓ.ም. በሌላ ቢተካም የመመዝገብ ልማዱ በቲቸር ግቢ ቀጥሏል። ሒሳብ የማይሠራ ሰው ደብተሩን የፖሊስ መዝገብ ብቻ ሊለው ይችላል፤ ለእኔ ግን ከገማቾቹ ወረቀት የተሻለ የሒሳብ ሰነድ ነበር።

እነዚህ ስሞች የቃላት ልዩነት ብቻ ቢሆኑ ባልተነጋገርንባቸውም ነበር። ሕጉ ግን በየስሙ ሌላ ሌላ ዋጋ አለው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ገና ከመጀመሪያው ሁለቱን ለይቷል፦ የቤት ኪራይ በአንድ ወገን፣ እንግዳን ለአንድ ወይም ለበለጠ ሌሊት የማሳደር የሆቴል ውል ደግሞ ከቁጥር 2653 ጀምሮ በሌላ ወገን። የግብር ሕጎቹ ይህንኑ መንታ መንገድ ተከትለዋል። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የቤት ኪራይ በሠንጠረዥ «ለ»፣ የንግድ ሥራ በሠንጠረዥ «ሐ» ይታያል፤ የክልሎች ሕጎችም በዚሁ አምሳል የተቀረጹ ናቸው። ከግለሰብ ቤቶች ኪራይ የሚገኘውን ግብር የመጣልና የመሰብሰብ ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 ለክልሎች የተሰጠ ስለሆነ፣ ጉዳዩ ከዚህ በላይ አዲስ አበባ የሚያስኬደው ነገር የለም።

ቲቸር አከራይ ቢባሉ ምን ይከፍሉ ነበር? ሦስቱን ክፍሎች ለቋሚ ተከራይ እያንዳንዳቸውን በወር 4,000 ብር ቢያከራዩ በዓመት 144,000 ብር ያገኛሉ። በ2016 ዓ.ም. በነበረው ሕግ የሒሳብ መዝገብ የማይዝ አከራይ ለጥገናና ለመሰል ወጪ ከጠቅላላ ኪራዩ 50 በመቶው ይቀነስለት ነበር፤ ግብር የሚሰላው በቀሪው 72,000 ብር ላይ ነበር። የመጀመሪያው 7,200 ብር ነጻ ሆኖ ከዚያ በላይ ያለው በየእርከኑ 10፣ 15፣ 20 እና 25 በመቶ ሲሰላ የዓመቱ ግብር 11,220 ብር ይመጣ ነበር። ከዚህ ሌላ የሚታሰብ አልነበረም፤ ለመኖሪያ የሚከራይ ቤት ከጠቅላላ ሽያጭ ላይ ከሚከፈለው ከተርን ኦቨር ታክስ ነጻ ነበርና።

አልጋ አከራይ ሲባሉ ግን ነጻነቱ ይቀራል። በአዋጅ ቁጥር 308/1995 መሠረት አገልግሎት 10 በመቶ ተርን ኦቨር ታክስ ይከፍል ነበር። በደብተሩ እውነተኛ ገቢ እንኳ ቢሰላ ይህ ብቻውን 14,980 ብር ነው፤ ገና የገቢ ግብሩ ሳይነካ ከአከራዩ ሙሉ ግብር በልጧል። በገማቾቹ አኃዝ ሲሄድ ደግሞ ሌላ ነገር ይከተላል። በወቅቱ በገቢ ግብር አዋጁ ዓመታዊ ገቢው 500,000 ብር የማይደርስ ነጋዴ ደረጃ «ሐ» ሆኖ በቁርጥ ግብር ይስተናገድ ነበር፤ ከዚያ በላይ እስከ 1,000,000 ብር ያለው ደረጃ «ለ» ሆኖ የሒሳብ መዝገብ መያዝ ይጠበቅበት ነበር። 766,500 ብር የሚለው ግምት ሦስት ሰርቪስ ያላቸውን ጡረተኛ ከጉልት ነጋዴና ከሱቅ በደረቴ ደረጃ አስወጥቶ ሒሳብ ሠራተኛ ወደሚቀጥሩት ነጋዴዎች አሻገራቸው። ማመልከቻውን ስጽፍ ትልቁን ቦታ የሰጠሁት ለዚህ ነበር።

ፈቃዱስ?

«ፈቃድ አውጥተው ለምን አይገላገሉም?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም፤ እኔም መጀመሪያ የመከርኳቸው ይህንኑ ነው። ቲቸር ሞክረዋል። ንግድ ጽሕፈት ቤቱ የቤቱ አገልግሎት ከሥራው ጋር እንደሚስማማ ከማዘጋጃ ቤት ማስረጃ እንዲያመጡ ጠየቀ። ማዘጋጃ ቤቱ ካርታው «ለመኖሪያ» ስለሚል የአገልግሎት ለውጥ ይጠይቁ አለ። ለውጡን መጠየቅ የሚችለው ባለይዞታው ነው፤ ባለይዞታው ደግሞ በካርታው ላይ የሰፈሩት ሟች ባለቤታቸው ናቸው። ስለዚህ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት፣ ከልጆቹ ስምምነት፣ ውጭ አገር ከሚኖረው ወንድ ልጅ ደግሞ በኤምባሲ በኩል የተረጋገጠ ውክልና አስፈለገ። ይህ ሁሉ ተሟልቶ ቢገኝ እንኳ ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱ መታጠቢያና ሽንት ቤት መሥራት እንደሚጠበቅባቸው በቃል ተነግሯቸዋል። አንድ ግንበኛ መጥቶ ለክቶ የነገራቸው ዋጋ ከሁለት ዓመት የአልጋ ገቢያቸው በላይ ነበር።

እዚህ ላይ የሌላውንም ወገን ቅሬታ ሳልጠቅስ ባልፍ አድልዎ ይሆናል። ከግቢው ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ባለፈቃድ ፔንሲዮን አለ፤ ባለቤቱን ጋሼ ብዬ የምጠራቸው፣ የማከብራቸው ሰው ናቸው። ካሽ ሬጅስተር ገዝተዋል፣ ሠራተኛ ቀጥረዋል፣ በየዓመቱ ፈቃድ ያድሳሉ፣ ለንጽሕናና ለእሳት አደጋ ቁጥጥር በር ይከፍታሉ። «እኔ በሥርዓት ስከፍል እርሷ በጓሮ ብታስገባብኝ ማን ነው የሚያመው?» ሲሉ ልክ ናቸው። የጎረቤትም እሮሮ አለ፤ አንድ የሠርግ ሰሞን ሦስት መኪና የመንገዱን አፍ ዘግቶ አምሽቷል፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ሰክሮ የመጣ እንግዳ በር ተሳስቶ ሌላ ቤት ሲደበድብ ነበር። ስለዚህ ቁጥጥር አያስፈልግም የሚል ክርክር የለኝም። ክርክሬ አንድ ነው፦ ሃያ ክፍል ላለው ፔንሲዮንና የቤቱ ባለቤት ራሳቸው ለሚኖሩበት ባለ ሦስት ሰርቪስ ግቢ አንድ ቅጽ መስጠት ሁለቱንም በድሏል፤ አንደኛውን ሕጋዊ መሆን እንዳይችል፣ ሌላውን ሕጋዊ በመሆኑ እንዲጎዳ አድርጎ።

ሌላ አገር ይህ መለያ መሥመር ግልጽ ተደርጓል። የኒው ዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2023 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ ከ30 ቀን ላነሰ ጊዜ የሚያከራይ ሰው እንዲመዘገብ፣ እንግዳው ባለበት ጊዜ እርሱም በቤቱ እንዲኖር፣ ከሁለት የበለጠ እንግዳም እንዳይቀበል ታዝዛለች። ባርሴሎና ደግሞ ከ10,000 የሚበልጡ የቱሪስት አፓርታማ ፈቃዶችን እ.ኤ.አ. በ2028 መጨረሻ ለመዝጋት ማቀዷን አስታውቃለች። የእነዚያ ከተሞች ሥጋት ቤት ሁሉ ማደሪያ ሆኖ ነዋሪው እንዳይፈናቀል ነው። የሀዋሳው ግቢ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ነዋሪዎቹ በሌላ ምክንያት ከወጡ በኋላ ባዶ የቀረ ክፍል ነው ማደሪያ የሆነው። ከእነርሱ የምንወስደው ነገር ቢኖር ጥያቄያቸውን ነው፦ ባለቤቱ እዚያው ይኖራል ወይስ አይኖርም? ስንት ክፍል? ስንት ሌሊት? በሦስቱም መሥሪያ ቤት ለቲቸር ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱንም ያነሳላቸው አልነበረም።

አዲሱ አዋጅ ሲመጣ

መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን አጸደቀ። አዋጁ ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ሌላ ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ተፈጻሚ የሚሆን ነው። የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲፈጸም ያዝዛል፤ ጭማሪ ደግሞ ተቆጣጣሪው አካል በየዓመቱ ከሚያሳውቀው ውጭ አይሆንም። ሆቴልንና የእንግዳ ማረፊያን የመሰለ አገልግሎት ከአዋጁ ወሰን ውጭ ነው።

የአዋጁ ዓላማ ተከራይን ከድንገተኛ ጭማሪና ከማስወጣት መጠበቅ ነው፤ ለብዙ ቤተሰብም እፎይታ እንደሆነ አምናለሁ። በሰፈራችን ግን ወሬው ቀድሞት ደረሰ፤ ወሬ ደግሞ አንቀጽ አይጠቅስም። በሚያዝያ የዕድር ስብሰባ ላይ አንዱ «ከእንግዲህ የገባ ተከራይ ሁለት ዓመት አይወጣም» ሲል፣ ሌላው «ባዶ ቤት ያለው ይቀጣል» አለ። ልጅ ሲያገባ ወይም ከውጭ ሲመለስ ክፍል ያስፈልገኛል የሚል ባለቤት ሁለት ዓመት ከመታሰር ይልቅ ለአዳር መስጠትን እንደሚመርጥ በዚያው ስብሰባ ላይ በጆሮዬ ሰማሁ። ለረጅም ጊዜ ኪራይ የወጣው ጥበቃ አንዳንዱን ባለቤት ወደ አጭር ጊዜ አልጋ ሲገፋ፣ አልጋው ደግሞ ፈቃድ የማይገኝለት መሆኑን አዋጁን ያረቀቁት ሰዎች አስበውበት ይሆን? በወረቀት ላይ ሁለቱ ሕጎች ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ በአንድ ግቢ በር ላይ ሲገናኙ ግን በመካከላቸው መቆሚያ አላስቀሩም።

ለቲቸር ግን አዋጁ ያልጠበቅነውን መንገድ አሳየ። ሁለት ዓመት የሚያሠጋቸው ነገር አልነበረም፤ ልጆቻቸው ተመልሰው ሰርቪስ ውስጥ አይገቡም። ይልቁንም የተጻፈና የተመዘገበ ውል ካላቸው ስማቸው አንድ ይሆናል፦ አከራይ። ግንቦት ላይ አንዱን ክፍል ለሪፈራል ሆስፒታል ነርስ፣ ሁለተኛውን ለዩኒቨርሲቲው ረዳት መምህር በወር 4,000 ብር አከራዩ፤ ውሉን እኔ አርቅቄ ሁላችንም ሆነን አስመዘገብነው። የሁለቱ ክፍል የዓመት ኪራይ 96,000 ብር ነው፤ ግማሹ ተቀንሶ በቀረው 48,000 ብር ላይ በወቅቱ ሕግ የሚሰላው ግብር 5,970 ብር ነበር። ከአልጋው ገቢ ጋር ሲነጻጸር በጠቅላላው 53,800 ብር አንሷል፤ አጣቢዋም ሥራዋን አጥታለች፤ ሪፈራል ዘመድ የሚያስታምመው ሰውም አንድ ርካሽ ማደሪያ አጥቷል። በአንጻሩ ሌሊት በር የሚያንኳኳ የለም፣ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤም የለም።

ሦስተኛው ክፍል ተቆልፎ ቀረ። ቲቸር «ይህችን ለሰው አልሰጣትም፤ ወንድ ልጄ ሲመጣ ያድርባታል» ይላሉ። ልጁ ለመጨረሻ ጊዜ የመጣው ከስድስት ዓመት በፊት ነው።

የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ውሳኔ የወጣው በሐምሌ ነው። ሦስት ጊዜ ቀጠሮ ተላልፎ በአራተኛው ስንቀርብ ሰብሳቢው ደብተሩን ከፊት እስከ ኋላ አገላበጡ፤ ቀይ ማስታወሻዎቹ ላይ እያቆሙ ስለ አንዳንዱ እንግዳ ጠየቁ፣ ቲቸርም ክፍል ውስጥ እንደሚያስረዱ ሆነው በዝርዝር መለሱ። ደብተሩ ደረሰኝ ስላልሆነ ሙሉ በሙሉ ማስረጃ ሊሆን እንደማይችል፣ ነገር ግን ግምቱ ከእውነታው የራቀ መሆኑን እንደሚያሳይ በውሳኔው ተጻፈ፤ የዓመቱ ገቢም ወደ 240,000 ብር ዝቅ ተደረገ። ደረጃ «ሐ» ውስጥ ተመለሱ። የአልጋ አገልግሎት የሚለው ስም ግን ለዚያ ዓመት ጸና፤ ስለዚህ 24,000 ብር ተርን ኦቨር ታክስና የዓመቱን ቁርጥ ግብር ከፈሉ፤ ለመክፈልም ከዕድሩ የብድር ሣጥን ላይ የተወሰነ ተበድረዋል። በደብተሩ ከሆነ ከታክሱ 9,020 ብሩ ካላደረ እንግዳ ላይ የተከፈለ ነው። ይግባኝ እንበል ብያቸው ነበር፤ «ይብቃኝ» አሉ።

የወራሽነት ማስረጃው በበኩሉ ሒደቱን ጨርሶ ወጥቷል፤ ካርታው ወደ ስማቸው እየተዛወረ ነው። የአገልግሎት ለውጥ ጥያቄውን ግን አንስተውታል። ደብተሩ አሁንም ወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ተቀምጧል፤ የመጨረሻው እንግዳ ከተመዘገበበት ገጽ ቀጥሎ አዲስ ሠንጠረዥ ተሰምሮበት የነርሷና የረዳት መምህሩ የውሃና የመብራት ድርሻ በየወሩ ይሰላበታል።